መብራት ሲመጣ ማን ይቅደም?
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ሃያ ደቂቃ ተናገርልን» ሲሉኝ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደማወራ የገመቱ ይመስለኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስለሱ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እኔ የመረጥኩት ማንም የማያወራለትን ነገር ነው። ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ በውስጡ ያሉት ሰርቪሶች በምን ቅደም ተከተል ይነሣሉ? በተለይ ዳታቤዙ ከማን በኋላ፣ ከማን በፊት ይነሣ? ለዓመታት እንጀራዬ ዳታቤዝ መጠበቅ ነው። ዳታቤዝ ሲሠራ እያለ የተበላሸብኝን በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ። ችግር ላይ ሆኖ የተጠራሁበት አብዛኛው ጊዜ ግን ወይ ሲነሣ ነው፣ ወይ ሲጠፋ።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል። መብራት በማይጠፋበት አገር ሰርቨር የሚነሣው ባለሙያው ቀን ቆርጦ፣ ቡናውን ይዞ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጄኔሬተሩ እንቢ ሲል፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን ይወድቃል፣ ብቻውን ይነሣል። ያን ጊዜ አጠገቡ ሰው የለም። ያለው ቀድሞ የተጻፈው የአነሣስ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

መምህራኖቼን ለማስቀየም አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ስንማር ከርነሉ ይጫናል፣ የመጀመሪያውን ፕሮሰስ ያስነሣል፣ ቁጥሩም አንድ ነው ተባልን። እዚያ ላይ ፈተናው ደረሰ። ያ ቁጥር አንድ ፕሮሰስ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ግን የተማርነው ሥራ ላይ ነው።

በድሮው የሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ አሠራር፣ ሊኑክስም ለረጅም ጊዜ በተጠቀመበት መንገድ፣ ነገሩ በቁጥር ነበር። በአንድ ዳይሬክተሪ ውስጥ ስማቸው በኤስ ፊደልና በሁለት አሃዝ የሚጀምር ስክሪፕቶች ይደረደራሉ፤ ማሽኑ ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ እያነበበ አንድ በአንድ ያስነሣቸዋል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ኔትወርኩ 10 ነበር፣ ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም 64፣ የአፓቼ ዌብ ሰርቨር 85። ሲዘጋ ደግሞ በኬ ፊደል የሚጀምሩት ይነበባሉ፦ አፓቼ 15፣ ዳታቤዞቹ 36፣ ኔትወርኩ 90። ደምሯቸው፤ ሁሉም መቶ ይመጣል። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። መጀመሪያ የተነሣው መጨረሻ እንዲዘጋ የታሰበ ቀላልና ብልህ ዘዴ ነው። ችግሩ 64 የሚለው ቁጥር ለምን 64 እንደሆነ የትም አለመጻፉ ነው። አዲስ ነገር ሲጨመር ባለሙያው «በስልሳና በሰባ መካከል የት ላስገባው?» እያለ ይገምታል። ያው ሠርግ ላይ ወንበር ስንደረድር እንደምናደርገው ነው።

የቢኤስዲ ሰዎች ይህን ቀድመው አስተካከሉት። በኔትቢኤስዲ 1.5፣ በ2000፣ እያንዳንዱ ስክሪፕት በራሱ አናት ላይ «እኔ ይህን እሰጣለሁ፣ ይህን እፈልጋለሁ፣ ከዚህ በፊት ልነሣ» ብሎ እንዲናገር ተደረገ። አርሲኦርደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም እነዚህን አንብቦ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያወጣል። ፍሪቢኤስዲም ከ5.0 ጀምሮ ወሰደው፣ ዛሬም ይሠራበታል። የዳታ ስትራክቸር ትምህርት የወሰዳችሁ ቶፖሎጂካል ሶርት የሚባለውን ታስታውሱ ይሆናል፤ ካን በ1962 ያሳተመው ስልት። ጥገኛ ያልሆነውን መጀመሪያ አውጣ፣ ከሥዕሉ ላይ ሰርዘው፣ ከዚያ ነፃ የሆነውን አውጣ። ለፈተና ብቻ የተማርነው የመሰለን ያ ስልት ሰርቨር በተነሣ ቁጥር ሲሠራ ያድራል። ስልቱ የማይወደው አንድ ነገር ክብ ነው፤ ሀ ለን ሲጠብቅ፣ ለ ደግሞ ሀን ሲጠብቅ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ሶላሪስ 10 በ2005 የራሱን አመጣ፣ ኡቡንቱ በ2006 አፕስታርትን ሞከረ፣ በ2010 ደግሞ ሲስተምዲ መጣ። ሲስተምዲ በፌዶራ 15 ገብቶ፣ በ2014 በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ 7፣ በ2015 በዴቢያን 8ና በኡቡንቱ 15.04 ነባሪ ሆነ። በሲስተምዲ ላይ የተደረገውን ጭቅጭቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ አንደግመውም። ወደድነውም ጠላነውም አብዛኞቻችን የምንነካው ሊኑክስ ላይ ቁጥር አንዱ እሱ ነው።

ሲስተምዲን ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ሚዜና ሙሽራ ብለን እናስበው። አንደኛው ጥያቄ «ሚዜው ይጠራ ወይስ አይጠራ?» ነው። ሁለተኛው «ሚዜው ከመጣ ከሙሽራው በፊት ይድረስ ወይስ በኋላ?» ነው። የመጀመሪያውን የሚመልሱት «ዋንትስ» እና «ሪኳየርስ» የሚባሉት መስመሮች ናቸው። ሁለተኛውን የሚመልሰው «አፍተር» ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይተካኩም። «አፍተር» ብቻ ከጻፋችሁ ሚዜውን ማንም አልጠራውም፤ ከመጣ ይቅደም ነው ያላችሁት። «ሪኳየርስ» ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ሁለቱም እኩል ሮጠው ይነሣሉ፤ መተግበሪያው ዳታቤዙ በር ላይ ደርሶ ያንኳኳል፣ ዳታቤዙ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ከማያቸው በእጅ የተጻፉ የሰርቪስ ፋይሎች ውስጥ አንዱን ጽፎ ሌላውን የረሳው ብዙ ነው። ክፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ፈጣን ዲስክ ባለው ማሽን ዳታቤዙ በአንድ ሴኮንድ ስለሚነሣ ችግሩ አይታይም። የሚታየው ዳታቤዙ የዘገየ ቀን ነው፤ እሱም ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተበላሸበት ቀን ነው።

ታዲያ «ዋንትስ» ይሻላል ወይስ «ሪኳየርስ»? ብዙ ሰው ጠንካራ ስለሚመስል «ሪኳየርስ»ን ይመርጣል። እኔ ለመተግበሪያ ሰርቪስ አልመርጠውም። «ሪኳየርስ»ና «አፍተር» አብረው ተጽፈው ዳታቤዙ መነሣት ካቃተው መተግበሪያው «ጥገኛው ስለወደቀ አልተነሣም» ተብሎ ይቀራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዳታቤዙ ቢድንም መተግበሪያውን የሚያስታውሰው የለም፤ ሰው እስኪመጣ ተኝቶ ይቆያል። ደግሞም ዳታቤዙን ለትንሽ ጥገና ስትዘጉ መተግበሪያው አብሮ ይዘጋል። እኔ የምጽፈው «ዋንትስ»ን ከ«አፍተር» ጋር ነው፤ መተግበሪያው ደግሞ ዳታቤዙን ሲያጣ እየቆየ፣ የቆይታውንም ጊዜ እያረዘመ ደጋግሞ እንዲሞክር አስደርጋለሁ።

«ከወደቀ እንደገና አስነሣው» የሚል መስመር ጽፈናል የሚሉም አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ነባሪው ልክ ጠባብ ነው። ሲስተምዲ በወደቀ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ መልሶ ያስነሣዋል፤ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ከተነሣ ግን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ወዲያው የሚወድቅ መተግበሪያ አምስቱን ዕድል ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ ይጨርሰዋል። በሙከራዎቹ መካከል አምስት ወይም አሥር ሴኮንድ እንዲቆይ ማድረግ አንድ መስመር ነው።

እስካሁን «ተነሣ» እያልኩ ነው። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ምጣድ ተጣደ ማለት ጋለ ማለት አይደለም፣ አይደል? ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ሊጥ ያፈሰሰ ሰው የሚያገኘውን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ዓይን የሌለው፣ የተጣበቀ ነገር። ሲስተምዲ አንድን ሰርቪስ «ተነሥቷል» የሚለው መቼ ነው? በሰርቪሱ ፋይል ላይ «ታይፕ» በሚለው መስመር ይወሰናል። «ሲምፕል» ከሆነ ፕሮሰሱ በተፈጠረ ቅጽበት ተነሥቷል ይለዋል፤ ምጣዱ ተጥዷል፣ በቃ። «ኖቲፋይ» ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ራሱ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ምልክት እስኪልክ ይጠብቃል። ፖስትግሬስ ይህን ምልክት መላክ የቻለው ከ9.6 ጀምሮ፣ በ2016 ነው፤ እሱም ሲገነባ የሲስተምዲ ድጋፍ ተካቶ ከሆነ። ማይኤስኪውኤልም ከ5.7 ጀምሮ ከሲስተምዲ ጋር መሥራት ይችላል። ዳታቤዙ «ሲምፕል» ሆኖ ሳለ ከሱ በኋላ «አፍተር» ብትደረድሩ ቅደም ተከተሉ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አዲስ ሰዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። «ፖስትግሬስኪውኤል» የሚለው ሰርቪስ ራሱ ዳታቤዙ አይደለም፤ ምንም የማይሠራ ሰብሳቢ ነው። እውነተኛው ሰርቪስ ከስሙ ቀጥሎ የአት ምልክት፣ የቨርዥን ቁጥሩና «ሜይን» የሚል ያለበት ነው። ሰብሳቢውን ብትጠይቁት «ንቁ፣ ሥራውን ጨርሶ የወጣ» የሚል መልስ በአረንጓዴ ይሰጣችኋል፤ ዳታቤዙ ሞቶም ቢሆን። እንግዲህ አረንጓዴ አይታችሁ ስልክ አትዝጉ።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ ልግባ። ዳታቤዝ በድንገት መብራት ሲሄድበት ምን ይሆናል? ጥሩ ዳታቤዝ ማንኛውንም ለውጥ ዋናው ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት በቅድሚያ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ሲነሣ ከመጨረሻው የተረጋገጠ ነጥብ ጀምሮ መዝገቡን እያነበበ የጎደለውን ይሞላል። ይህ ማገገም ይባላል። እንደ መዝገቡ መጠንና እንደ ዲስኩ ፍጥነት ሦስት ሴኮንድም፣ ሃያ ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለመግባት የሚሞክር ሁሉ «የዳታቤዝ ሲስተሙ እየተነሣ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህ መልስ ብልሽት አይደለም፤ ታገሡ ማለት ነው።

ሲስተምዲ ግን በነባሪ የሚታገሠው 90 ሴኮንድ ነው። በዘጠና ሴኮንድ ውስጥ «ዝግጁ ነኝ» ካልተባለ ሰርቪሱ ተበላሽቷል ብሎ ይገድለዋል። እንደገና አስነሣ ተብሎ ከተጻፈ ያስነሣዋል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ማገገሙን ከዚያው ከመጀመሪያው ነጥብ ይጀምራል፤ እንደገና በዘጠናኛው ሴኮንድ ይገደላል። አራት ደቂቃ ቢተዉት የሚድን ዳታቤዝ ሲገደልና ሲነሣ ያድራል ማለት ነው። የፖስትግሬስ መመሪያ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ አስጠንቅቆ የጊዜ ገደቡ «ኢንፊኒቲ» እንዲባል፣ ማለትም ገደቡ እንዲነሣ፣ ይመክራል። ከማከፋፈያዎቹ የሚመጡት ጥቅሎች ይህን አስተካክለው ነው የሚመጡት። ችግሩ ያለው ሶፍትዌሩን ከምንጩ ገንብቶ የሰርቪስ ፋይሉን በእጁ የጻፈ ሰው ጋ ነው። የአምራቹን ፋይል ቀጥታ የሚያርሙም አሉ፤ እሱ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይጠፋል። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ነው የተሠራው፤ የእናንተን ለውጥ በተለየ ፋይል ያስቀምጠዋል።

ዳታቤዙ አልነሣ ሲል ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሟል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ዲስኩን ሲያየው አንድ ትልቅ ዳይሬክተሪ አለ። የፖስትግሬስ ቅድሚያ መዝገብ ያለበት ዳይሬክተሪ እስከ 9.6 ድረስ ስሙ ፒጂ ኤክስሎግ ነበር። «ሎግ ነው፣ ቦታም ይዟል፣ ላጥፋው» ያለ ሰው ዳታቤዙን አጠፋው። ይህ በዓለም ዙሪያ ስለተደጋገመ በ2017 በወጣው በፖስትግሬስ 10 ስሙን ፒጂ ዋል ብለው ለወጡት። ፒጂ ሲሎግ የሚባለውንም ፒጂ ኤክሳክት አሉት። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ተጠቃሚዎቹ እንዳይሳሳቱ ብሎ የዳይሬክተሪ ስም መቀየሩ ያስደስተኛል። ትእዛዙን ያልተማሩ ሰዎችን ከመውቀስ ስሙን መቀየር ይሻላል። የሆነ ሆኖ አደራችሁን፣ ማገገም ላይ ያለ ዳታቤዝ ስታገኙ መጀመሪያ መዝገቡን አንብቡ። «ማገገም ተጀመረ» የሚል ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

አሁን ደግሞ ከማገገም የባሰውን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ጠራኝ። የታካሚ መዝገቡ ዳታቤዝ በኮንቴይነር ውስጥ ይሠራል፣ ዳታው ደግሞ በኔትወርክ በተገናኘ የተለየ የዲስክ ሣጥን ላይ ነው። ሌሊት መብራት ሄደ፣ መጣ። ሰርቨሩ በሁለት ደቂቃ ተነሣ። የዲስክ ሣጥኑ ግን ራሱን ፈትሾ እስኪነሣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ዲስኩን ፈለገ፣ አጣው። የዲስኮች ዝርዝር ባለበት ፋይል ላይ «ኖፌይል» የሚል ቃል ስለነበረ ግን «ባይኖርም ግድ የለም» ብሎ አለፈ። ዲስኩ ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ዳይሬክተሪ ሆኖ ቀረ።

ዳታቤዙ ተነሣ፣ ባዶ ዳይሬክተሪ አገኘ። የኮንቴይነሩ ምስል ደግሞ ባዶ ሲያገኝ «አዲስ ተከላ ነው» ብሎ አዲስ ዳታቤዝ እንዲፈጥር የተሠራ ነው። ፈጠረ፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉንም ከአወቃቀሩ አንብቦ ሠራ። መተግበሪያው ሲነሣ ሠንጠረዦች የሉም፤ እሱም በተራው ሠንጠረዦቹን ፈጠረ። ጠዋት ካርድ ክፍል ሥራ ጀመረ። ካርድ ክፍሉ የሚገባው ሶፍትዌሩ ሲተከል በተሰጠው ነባሪ መለያ ስለነበር (ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል) መግባት አልተከለከለም። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። አንድም ስህተት የትም አልታየም። ያስተዋለችው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናት፤ «ለመጀመሪያዋ ታካሚ የሰጠሁት ካርድ ቁጥር አንድ ሆነ፤ የድሮ ታካሚዎች ስም ደግሞ ስፈልግ የለም» ብላ ጮኸች። እስክትሰማ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ አስቡት። የመድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ያን ጠዋት ቢመጣ ሐኪሙ የሚያየው ባዶ ገጽ ነው። «ታሪክ የለውም» እና «ታሪኩ አልተገኘም» በስክሪኑ ላይ አንድ ናቸው። ደግነቱ ነርሶቹ የድሮውን የወረቀት ካርድ አልጣሉትም ነበርና የሚያውቋቸውን ከዚያ አወጡ። እኛ ዳታቤዙን ዘጋን፣ የሁለት ሰዓቱን ዳታ ወደ ጎን ቀዳን፣ ሣጥኑን አገናኘን፣ እውነተኛውን አስነሣን። ቅጂውን ሳንይዝ ዲስኩን ከላይ ብናገናኘው ኖሮ የጠዋቱ ዳታ ከሥር ተሸፍኖ ማንም አያየውም ነበር። ከዚያ የጠዋቱን ታካሚዎች አንድ በአንድ በአዲስ ቁጥር መዘገብናቸው። ቁጥር አንድ ካርድ የያዘችውን እናት ፈልጎ ማግኘት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። የሰርቪሱ ፋይል ላይ «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር» የሚል መስመር አለ፤ የዳታውን መንገድ ትሰጡታላችሁ፣ በዲስኮቹ ዝርዝር ፋይል ላይ የተመዘገበው ዲስክ ካልተገናኘ ሰርቪሱ አይነሣም። ዳታቤዙ በኮንቴይነር ከሆነ መስመሩ ኮንቴይነሩን በሚያስነሣው ሰርቪስ ላይ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛው፣ ዳታውን በማገናኛው ቦታ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ከውስጡ ሌላ ዳይሬክተሪ ፍጠሩ። ከሥር ያለው ባዶ ቦታ ባለቤትነቱ የሩት ይሁንና ዳታቤዙ መጻፍ አይቻለው፤ ዲስኩ ከሌለ ዳታቤዙ ባዶ ከመፍጠር ይልቅ ይወድቃል። የፖስትግሬስ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። ኮንቴይነር ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አስነሺው ራሱ ሩት ሆኖ የጎደለውን ዳይሬክተሪ ሊፈጥርላችሁ ይችላልና እዚያ የመጀመሪያው መስመር ነው የሚያድናችሁ። ሦስተኛው፣ «ኖፌይል»ን የዳታቤዝ ዲስክ ላይ አትጻፉ። ዳታቤዝ ሲወድቅ ጮኾ ይውደቅ። የማይነሣ ዳታቤዝ ግማሽ ቀን ያስቆማችኋል፤ ባዶ ሆኖ የተነሣ ዳታቤዝ ግን ይዋሻችኋል።

ኔትወርክን በአጭሩ ልለፈው። «ኔትወርክ ታርጌት» ማለት ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ተነሣ ማለት እንጂ አድራሻ ተገኘ ማለት አይደለም። አድራሻ መኖሩን የምትፈልጉ ከሆነ «ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት» ነው፤ እሱንም በ«አፍተር»ም በ«ዋንትስ»ም ጥሩት። ፖስትግሬስ በአንድ የተወሰነ የአይፒ አድራሻ ብቻ እንዲያዳምጥ ከታዘዘና አድራሻው ገና ካልመጣ ሳይነሣ ይቀራል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የእናት ቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ሰርቨር መብራት ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሣል፤ ሰዓቱ ከመስተካከሉ በፊት የተመዘገበ ክፍያ የድሮ ቀን ይይዛል። ክሮኒ የሚባለው ሰዓት አስተካካይ እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ ሰርቪስ አለውና ተጠቀሙበት። ባትሪውንም ቀይሩት፣ ርካሽ ነው።

ክቡን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሲስተምዲ ክብ ጥገኝነት ሲያገኝ ቆሞ አይጠይቅም። ከክቡ ውስጥ አስገዳጅ ያልሆነውን አንዱን መርጦ ይጥለውና ይቀጥላል፤ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። የተጣለው ዳታቤዛችሁ ሊሆን ይችላል። ዲስክ በኔትወርክ ሲመጣና አንዱ የኔትወርክ ሰርቪስ ደግሞ ያንን ዲስክ ሲፈልግ ይሄ ይፈጠራል። «ሲስተምዲ አናላይዝ ቬሪፋይ» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሞ ማስኬድ ይረዳል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንድ ማሽን ነው። ሲስተምዲ የጎረቤቱን ማሽን አያውቅም። መተግበሪያው በሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ «አፍተር» ዋጋ የለውም፤ ፒጂ ኢዝሬዲ በሚባለው ትንሽ መሣሪያ ዳታቤዙን መጠየቅ ነው። ዜሮ ከመለሰ ይቀበላል፣ አንድ ከመለሰ አለ ግን እየተነሣ ነው፣ ሁለት ከመለሰ መልስ የለም። በአንድና በሁለት መካከል ያለው ልዩነት ማገገም ላይ ያለውን ከሞተው ይለይላችኋል። በዶከር ኮምፖዝም ነባሪው «ዲፔንድስ ኦን» ኮንቴይነሩ መነሣቱን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ የጤና ምርመራ ጨምሩበትና «ሰርቪስ ሄልዚ» በሉት።

ሦስት ሰርቨር ያለው የጋሌራ ክላስተር ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል። ሦስቱም አንድ ላይ መብራት ከሄደባቸው ማን መጀመሪያ ይነሣ? መጨረሻ የነበረውን ለውጥ የያዘው። እሱ ሳይሆን ወደ ኋላ የቀረው መጀመሪያ ተነሥቶ ክላስተሩን ከመሠረተ ሌሎቹ የእሱን አሮጌ እውነት ይቀበላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ይጠፋል። እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ግራስቴት የሚባል ፋይል «እኔ ልመሥርት» የሚል መስመር አለው፤ በድንገት ሲወድቅ ግን ሦስቱም «አልችልም» ይላሉ። ያን ጊዜ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ተራ ቁጥር አውጥቶ የሚያነጻጽር ሰው ያስፈልጋል። ይሄን በስክሪፕት ራሱ እንዲወስን አድርጉልኝ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ እስካሁን እንቢ ብያለሁ። የጓደኞቼ አስተያየት ይለያያል፣ ክርክሩን በምሳ ሰዓት መቀጠል እንችላለን።

መዝጋትም የዚሁ ወገን ነው። ሲስተምዲ ሲዘጋ የ«አፍተር»ን ቅደም ተከተል ገልብጦ ይሄዳል፤ መተግበሪያው ቀድሞ ይዘጋል፣ ዳታቤዙ በኋላ። የድሮዎቹ መቶ የሚደመሩ ቁጥሮች ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ግን መዝጊያም በነባሪ 90 ሴኮንድ ነው ያለው። ብዙ ያልተጻፈ ነገር በማስታወሻው ላይ የያዘ ዳታቤዝ በዚያ ጊዜ ላይጨርስ ይችላል፤ ከተገደለ ነገ ማገገም አለበት። ስለዚህ የዩፒኤሱን ባትሪ ልክ ሳታውቁ የመዝጊያ ጊዜ አትጻፉ። ባትሪው የሚቆየው አሥር ደቂቃ ከሆነ፣ መዝጋት የሚጀመረው ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሳይሆን ስድስት ሲቀር ይሁን። ነት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዩፒኤሱን አዳምጦ መዝጋቱን ያስጀምራል፤ ዩፒኤሱ የመገናኛ ገመድ ካለው። ስንቱ ዩፒኤስ ገመዱ ሣጥኑ ውስጥ እንደታሸገ እንደቀረ ብትቆጥሩ ይገርማችኋል።

ይህን ሁሉ ያለ ሙከራ አትመኑት፤ የእኔንም ጭምር። የሙከራ ሰርቨር አዘጋጁ፣ እየጻፈ እያለ ገመዱን ንቀሉ፣ መልሱ፣ እጃችሁን ሳትነኩ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ከዚያ የዲስክ ሣጥኑን ከሰርቨሩ አሥር ደቂቃ ዘግይታችሁ አስነሡ። ከዚያ የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ ሰርቨሩን አስነሡ። «ሲስተምዲ አናላይዝ» ከ«ክሪቲካል ቼን» ጋር የትኛው የትኛውን እንደጠበቀ በሰዓት ያሳያችኋል።

ለዲፓርትመንቱ አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። በቢሮዬ ከሥራ የወጡ ሁለት ሰርቨሮችና አንድ አሮጌ የዲስክ ሣጥን አሉ፤ ይሠራሉ። ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ቤተ ሙከራ ብትቀበሉኝ በዚህ ሴሚስተር አመጣቸዋለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎችም እኔ መጥቼ ከተማሪዎቹ ጋር ገመድ እነቅላለሁ። ዩፒኤስ የለኝም፤ ከእናንተ መካከል የመገናኛ ገመዱ ያልጠፋ ዩፒኤስ ያለው ሰው ካለ ከአዳራሹ ስንወጣ በር ላይ ያግኘኝ። ጥያቄ ካለ አሁን መቀበል እችላለሁ።